ሐኪም ቤት በቻይንኛ

ክፍሉ ድሮ የባቡር ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ያስገቡኝ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር። በሩን ከኋላዬ ሲዘጉት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አይደለም፣ እግር ነው። ስምንት ሰው ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ እግሩን ወደ መሐል ዘርግቷል። ድንጋዩ እስከ ቀትር ድረስ ይቀዘቅዛል። ከቀትር በኋላ ድንጋዩም ይከዳል።

የታሰርኩበትን ባጭሩ ልናገር። ማንበብ የቻልኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በጎልማሶች ትምህርት። ከዚያ በፊት ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ከዚያም በኋላ ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። ፊደል ጆንያ አያቀልም። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተብሎ የቅሬታ ደብዳቤ ተጻፈና ስብሰባው ላይ ማን ያንብበው ተባለ። አስተማሪ ነበረ፣ የቢሮ ሠራተኛ ነበረ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ጸሐፊ ነበረ። ሁሉም መነጽሩን ረሳ። እኔ ደግሞ አዲስ አንባቢ ነኝ፤ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ሰው መታየት ያምረኛል። ተነስቼ አነበብኩት። በማግስቱ "ሕዝብ አነሳስተሃል" ተባልኩ። ማንበብ የለመደ ሰው እንዲህ ዓይነት ስሕተት አይሠራም።

ስብሰባው የተደረገው በአንድ ሱማሌ ሽማግሌ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። አዴር እንለዋለን፤ በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ ሽማግሌውንም ዳኛውንም አንተ ነው የምንለው፤ የሌላ አገር ሰው ንቀት እንዳይመስለው። ሳነብ፣ "ወሪያ! ጮክ በል፣ ጆሮዬ አይሰማም" ብሎኝ ነበር። ጮክ አልኩ። በረንዳው የእሱ ነበረና ጩኸቱ ለእሱም ተረፈው። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት እግሮች ሁለቱ የእሱ ነበሩ። በእብጠታቸው አወቅኳቸው።

"መጣህ?" አለኝ።

"መጣሁ።"

"እንግዲህ እዚህ እንኳ ቀስ ብለህ አንብብ።"

የሳቀው እሱ ብቻ ነው።

አዴር ስኳር አለበት። ሴት ልጁ መርፌውን በፔርሙዝ፣ በበረዶ መሐል አድርጋ በየጠዋቱ ታመጣለች። መርፌ ወደ ክፍል አይገባም፣ ሕጉ ነው፤ ስለዚህ በር ላይ አስወጥተው ይወጉትና ይመልሱት ነበር። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ተረኛው ተቀየረ። አዲሱ ወጣት ነው፣ ክፉም አይመስልም። ፔርሙዙን ይቀበላታል፣ ጥላ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሳይሆን እንዳለ ይመልስላታል። አዴርም እኛም ለምን ብንለው፣ "ትእዛዝ አልደረሰኝም" አለ። መርፌውን የሚከለክል ትእዛዝም አልደረሰውም። ግን ያልደረሰው ትእዛዝ ሁሉ እኛ ላይ ነበር የሚሠራው።

በዚያው ሰሞን ቻይና አስገቡብን።

ከሁርሶ ሲመጣ በከባድ መኪናው ግመሎች ገጭቷል። የግመሎቹ ባለቤቶችና ሽማግሌዎች እስኪስማሙ ድረስ፣ ለራሱም ደኅንነት ሲባል፣ እኛ ጋ ይቆይ ተባለ። ፍራሽና አንድ እሽግ ውኃ ይዞ ገባ። እኛ ካርቶን ላይ ነን። የክፍሉን አለቃ ካቦ ነው የምንለው፤ ውጪ ሳለ ጫት ነጋዴ የነበረ ወፍራም ሰው ነው። ካቦ አንድ ሕግ ነበረው፤ አዲስ ገቢ ባልዲው አጠገብ ይተኛል። ባልዲው ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም፣ ታውቁታላችሁ።

"ቻይና ነው እኮ" አለ አንዱ።

"ቢሆንስ? የቻይና አፍንጫ አይሸተውም? ሕግ ሕግ ነው፣ አቦ!"

ቻይናው ባልዲውን አየ። እኛን አየ። ፍራሹን እዚያው ዘረጋ። በዚህ ወደድነው ማለት አልችልም፤ በባዶ ወለል ላይ ያለ ሰው ፍራሽ ያለውን አይወድም። በማግስቱ ግን የአዴርን እግር ሲያይ ቆየና፣ ፍራሹን እየጎተተ አምጥቶ አዴር ሥር ከተተው። ውኃውንም አጠገቡ ደረደረ። አዴር ሌት ተቀን ይጠማዋል። ይጠጣል፣ ባልዲው ጋ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይጠጣል።

ቻይናው በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዴር የጠጣውን ሁሉ አስመለሰው። ከዚያ መተንፈስ ጀመረ። መተንፈስማ ሁላችንም እንተነፍሳለን፤ የእሱ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነበር፣ ተጋድሞ። አፉ የሰነበተ ዘይቱን ይሸታል።

በሩን መታን። በአማርኛ ነገርኩት። ወጣቱ ዘበኛ፣ "ሐኪሙ ሲመጣ" አለ። ካቦ በኦሮምኛ ነገረው፤ ዘበኛው የገለምሶ ልጅ ነው፣ ያገሩን ቋንቋ ሲሰማ ይራራል ብሎ። "ከሰዓት በኋላ" አለ፣ በኦሮምኛ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበረ፣ እሱ ደግሞ ሌላኛውን ዘበኛ በሱማሌኛ ለመነው። ያኛው ትከሻውን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ ማለት ድሬ ውስጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ ይኖራል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ይዘጋል። ፀሐይዋ መንገዱን ትረከባለች፣ ቢሮው ይቆለፋል፣ ሱቁ መጋረጃውን ያወርዳል፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ይገባል። በርጫ ነው። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሚነሳ የለም። አዴር እስከ አሥር ሰዓት እንደማይቆይ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ቻይናው ተነስቶ መጣ። ግንባሩን ዳሰሰው፣ ትንፋሹን ጠጋ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ አንድ ነገር አለ። ደገመው። አልገባንም። ከኪሱ ክብሪት አወጣ፣ እንጨቱን ለኩሶ አጠፋና በጠቆረው ጫፍ ግድግዳው ላይ ሣለ፤ ቤት፣ ቤቱ ላይ መስቀል።

"ቤተ ክርስቲያን ይላል" አለ ካቦ። "አዴርን ሊያጠምቅልን ነው።"

"አዴር ቢሰማህ ይነሳ ነበር" አለ የባጃጁ ሹፌር።

ቻይናው ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ውስጥ አልጋ ሣለ። አልጋው ላይ ሰው። ከዚያ በጣቱ ክንዱን ወጋ። ሐኪም ቤት። እንደገና ቃሉን ተናገረው፣ ቀስ አድርጎ፦ ዪዩዌን። ከሥዕሉ በታችም ጻፈው። ሁለት ምልክት ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ብዙ እንጨት ተረብርቧል።

ቆሜ አየሁት። ሌሎቹ በጽሕፈቱ ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የዓለም ጽሕፈት ሁሉ ለእኔ እንደዚያ ነበር፤ የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የገዛ መታወቂያዬ። የተረበረበ እንጨት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና የሚያየኝን ዐይን አወቅኩት፤ ፊደል አስተማሪዬም እንዲያ ታየኝ ነበር። ክብሪቱን ተቀበልኩትና ከእሱ ጽሕፈት በታች በእኛ ፊደል ጻፍኩት። ዪ፣ ዩ፣ ዌ፣ ን። አነበብኩለት። በእጁ አየሩን እየቆረጠ አረመኝ፤ የመጀመሪያውን ከፍ አድርገህ ሳታወዛውዝ ትይዘዋለህ፣ ሁለተኛውን ከላይ ወደ ታች ትጥለዋለህ። አምስት ስድስት ጊዜ አልኩት። በመጨረሻ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። አንድ ቃል ነው፤ ከአዴር ትንፋሽ ሌላ የሚሰማ ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ።

ቻይናው ወደ በሩ ሄደና በመዳፉ እየመታ ራሱ ጮኸ። "ዪዩዌን! ዪዩዌን!"

ዘበኛው መጣ። ምን ልበላችሁ፣ እየሮጠ መጣ። ጠዋቱን ሙሉ የመታነው በር በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

"ምን ሆነ? ቻይናው ምን ሆነ?"

ቻይናው በጣቱ አዴርን አሳየው። ዘበኛው አየ፤ ትከሻው ወረደ።

"እሱ ነው እንዴ? እሱማ ጠዋትም ታሟል።"

በሩን ዘጋው። ቁልፉ ሲዞር ሰማን፣ ከዚያ ጫማው ወደ ጥላው ሲመለስ።

ማንም አልተሳደበም። ሙቀቱም ስድብ አያስወጣም። ካቦ በካርቶን አዴርን ያራግብለታል። "ገባችሁ?" አለ ሳይዞር። "በሩ ለቻይና ነው የሚከፈተው።"

ገብቶኛል። ቻይናው ፊት ወለሉ ላይ ተጋደምኩ፣ ሆዴን ይዤ ተንፈራፈርኩ። ተነስቼ በጣቴ ደረቱን ነካሁት፤ አንተ። ራሱን ነቀነቀና አዴርን አሳየኝ። "አውቃለሁ" አልኩት በአማርኛ። አዴርን አሳየሁት፣ በሩን አሳየሁት፣ ሁለት መዳፌን ገጠምኩ። ዝግ። እሱን አሳየሁት፣ በሩን አሳየሁት፣ መዳፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ያፈረ መሰለኝ። ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም፤ ግን አፈረ።

"ከታወቀብን ቤተሰብ እንዳይጠይቀን ይከለክላሉ" አለ የባጃጁ ሹፌር። ሚስቱ አራስ ናት፣ ልጁን ገና አላየውም።

"ይከልክሉ" አለ ካቦ። "ይሄ ሰውዬ እዚህ ከሞተ አጠገቡ የማድረው እኔ ነኝ።" ካቦ ደግ ነገር ሲያደርግ ምክንያት ይፈልጋል።

ቻይናው ባልዲው አጠገብ ተጋደመ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ዐይኑን ገለበጠ። ጎበዝ ነበር። የታመመ ሰው በሩን እየደበደበ አይጮህም፤ ስለዚህ መጮህ የእኛ ሆነ። እኔ አስተማርኳቸው። ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ከላይ ጣል። አልተሳካላቸውም፣ ግን ጮኹ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድሬ ጥላ ውስጥ ጫቷን ስትቅም፣ ካቦ፣ የባጃጁ ሹፌር፣ እኔና ሌሎቹ በአንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በቻይንኛ ሐኪም ቤት እያልን እንጮሃለን። መንገድ ላይ የሰማን ሰው ካለ ምን እንዳለ አላውቅም።

ዘበኛው ከፈተ፣ ቻይናውን ወለል ላይ አየ፣ ስልኩን አወጣ። የእስር ቤቱ አዛዥ ግቢው ውስጥ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፣ ሸሚዙ አልተቆለፈም፣ መኪናው እስከ በሩ ድረስ ገብቷል።

"ይሄ ሰውዬ ቢሞት እኔና አንተ አለቀልን" አለው ዘበኛውን። "አንሱት!"

ሊያነሱት ሲጎነበሱ ቻይናው ተነሳ። ልብሱን አራገፈ። በመካከላቸው አልፎ አዴር ጋ ሄደና በብብቱ ገብቶ አቀፈው። እኔ እግሮቹን ያዝኩ። እብጠቱ በጣቶቼ ሥር እንደ ሊጥ ሰረጎደ። ማንም አላስቆመንም፤ አዛዡ አፉን ከፍቶ ጫቱን ረስቶታል። የውጭ ሰው ፊት ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። መኪናው ውስጥ አስገባነው። ቻይናው አብሮ ገብቶ የአዴርን ራስ ጭኑ ላይ አኖረና በሩን ከውስጥ ዘጋው። መኪናው ወጣ። እኔን በማጅራቴ ይዘው መለሱኝ።

አዴር ከመግሪብ ሶላት በፊት ሞተ። የነገረን ወጣቱ ዘበኛ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ሻይ ሲያከፋፍል፤ "ሽማግሌው አረፈ" ብሎ። ሻይ አልጠጣንም። ቻይናው ተመልሶ አልመጣም፣ የአገሩ ሰዎች ከሐኪም ቤቱ ወስደውታል።

በዚያው ቀን አዛዡ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ሸሚዙ ተቆልፏል። አንድ በአንድ እያስጠራ በረንዳው ላይ ያስፈርማል። ሌሎቹ ፈረሙ። አልፈርድባቸውም ብል እዋሻለሁ፤ እፈርዳለሁ፣ ግን የባጃጁን ሹፌር ልጅ አስብና እተወዋለሁ። የእኔ ተራ ደረሰ። አዛዡ ፋይሌን ከፈተ። እዚያ ውስጥ የድሮው መታወቂያዬ ቅጂ አለ፣ በአሻራ የወጣ። ብዕሩን ትቶ የቀለም መርገጫውን ገፋልኝ።

"አውራ ጣትህን።"

"ላንብበው።"

"ማንበብ ትችላለህ እንዴ?"

"የታሰርኩት እኮ በማንበብ ነው።"

ወረቀቱን ወሰድኩ። ፈጣን አንባቢ አይደለሁም። ረጅም ቃል ሲመጣ እቆራርሰዋለሁ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አዛዡ ሰዓቱን አየ። እኔ እያንዳንዱን ፊደል አየሁ። "ታሳሪው መታመሙን ለጥበቃ አባላት ያልገለጸ ሲሆን፣ አብረውት የነበሩትም ታሳሪዎች ያላሳወቁ መሆኑን..." ይላል። ከሥር የጣት አሻራዎችና ፊርማዎች። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ። ነግረናችኋል።"

"ማን ነው የነገረው?"

"እኔ በአማርኛ ነገርኳችሁ። ካቦ በኦሮምኛ ነገራችሁ። የባጃጁ ሹፌር በሱማሌኛ ነገራችሁ። የሰማችሁት በቻይንኛ ነው።"

ዘበኛው አጠገባችን ቆሟል። መሬት መሬት ያያል።

"ስለዚህ አትፈርምም?"

"አሳወቁን፣ አልሰማናቸውም ብለህ ጻፈው። በብዕርም በጣቴም እፈርማለሁ።"

የቀለሙን መርገጫ ክዳኑን ገጥሜ ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት። እጄ አልቆሸሸም ነበር።

አልመታኝም። ሰዎች ይህን ስነግራቸው ዱላ ይጠብቃሉ። አልመታኝም፤ ወረቀቱን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተና "ይቆይ" አለ። ሌሎቹ በሳምንቱ ተለቀቁ። እኔ ሁለት ወር ከምናምን ቆየሁ። ክፍሉ ውስጥ አዲስ ሰዎች ገቡ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቤትና መስቀል ምንድን ነው ይሉኛል። ሐኪም ቤት እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ግድግዳውን ኖራ ቀቡት።

ከወጣሁ በኋላ የአዴር ልጅ አስፈልጋ አገኘችኝ። ሱቁን እሷ ይዛዋለች። ሰፈሩ እስካሁን አልፈረሰም፤ ይፈርሳል እየተባለ ነው።

"አባቴ አሞኛል አላለም፣ ደብቆናል ብለውኛል" አለችኝ። "አንተ አብረኸው ነበርክ። እውነት ነው?"

"ውሸት ነው። እሱም ተናግሯል፣ እኛም ተናግረናል። ከጠዋት ጀምሮ።"

ከዚያ፣ "ብቻውን ነበር?" አለችኝ።

"አልነበረም። ራሱን ጭኑ ላይ ያኖረለት ሰው ነበረ።"

ማን እንደሆነ ነገርኳት። የሚስቅ ሰው ፊት ልትሠራ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

አሁን ከተማ ውስጥ ቻይና ሳይ ላናግረው አልሞክርም። የማውቀው አንድ ቃል ነው፤ ሰላምታ አይሆንም። ጆንያዬን ተሸክሜ አልፋለሁ። ሰዎች ግን ይጠይቁኛል፤ ሰውዬው ሞቷል፣ ለአንድ ወረቀት ሁለት ወር ምን አስቀመጠህ ይሉኛል። ወረቀቱ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አላውቅም። ምናልባት አይጥ በልቶታል። ምናልባት አንድ ቀን አንድ ሰው አውጥቶ ያነበዋል፣ አዴር ማንንም ሳይጠራ ሞተ ብሎ ያምናል። ያ ሰው ከሥር ያሉትን ስሞች ሲቆጥር የእኔን አያገኘውም።